ሰበር ዜናና ሰበር ችሎት

(ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ምሽት የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ ሳዘጋጀው መንዛዛቴን ቀንሻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት መውጣታችሁ በራሱ ሙገሳ ይገባዋል። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ አባቶች ብልሆች ናችሁ። እኔ ጠበቃ መስዬ ልታይ ብዬ በኮት መጥቼ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው።

ባለፈው ወር ከሸዋ ሮቢት በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ጣርማ በር ላይ እንደ ልማዱ ጉም ወርዷል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ይወጣል። ተሳፋሪው ዝም ብሏል። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እያየ ድንገት «ሰበር ዜና!» አለ። ቀጥሎም ጮክ ብሎ አነበበልን። «ሰበር ሰሚ ችሎት ወሰነ። ከእንግዲህ በውልና ማስረጃ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ዋጋ የለውም።»

ከጎኔ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ እናት ክው አሉ።

«ምን አልክ አንተ ልጅ?»

«ያልተመዘገበ ውል አይሠራም ነው የሚለው፣ ማዘር።»

ለካ እሳቸው እዚህ ደብረ ብርሃን ከአጎታቸው ልጅ ቤት ገዝተዋል። በመንደር ውል። ሦስት ምስክር የፈረመበት፣ ታጥፎ ታጥፎ ማጠፊያው ላይ የተቀደደ ወረቀት ነው። የት እንደተቀመጠ ሳይቀር ነገሩን። ሳጥን ውስጥ፣ ከልጆቻቸው የክርስትና ካርድ ጋር።

«እንግዲህ እሳት ማንደጃ አድርጊው» አለ ልጁ። ለቀልድ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ስልኩን ተውሼ አየሁት። የመዝገብ ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ስንት ዳኞች እንደተሰየሙ አይልም። ውሳኔውን ግን አወቅኩት። የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 ነው። የተሰጠው በ1999 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ልጁ ቢወለድም ዳዴ እያለ ነበር። አንድ ሰው ከሆነ ቦታ አንስቶ ትኩስ አስመስሎ ለጥፎታል። ሰበር ዜና ያደረገው «ሰበር» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። የፍርድ ቤት ወሬ ሁላችንም ጋ የሚደርሰው በዚሁ መልክ ነው። «እገሌ አሸነፈ፣ እገሌ ተሸነፈ፣ ይሄ ቀረ፣ ያ ተፈቀደ።» የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ለምን? ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች «ለምን» ላወራችሁ ነው።

ቀድሞ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን ሙግት መስማት ይወዱ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል ሥራውን ጥሎ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ተቆራኝተው ይመጣሉ። ዳኛ ከታጣ አላፊ አግዳሚው ዳኛ ይሆናል። «ተጠየቅ!» ይላል አንዱ፣ በትሩን ወደ ባላጋራው ዘርግቶ። «ልጠየቅ!» ይላል ሌላው። በቅሎ ይወራረዳሉ፣ ማር ይወራረዳሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ማን እንደረታ ብቻ አይደለም። እንዴት ብሎ እንደረታ ነው። «እንዲህ ሲለው እንዲህ ብሎ ዘጋው» እየተባለ ለዓመታት ይወራል። አሁንም መንዝ ውስጥ የአያቱን የርስት ሙግት ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ቃል በቃል የሚደግምላችሁ ሽማግሌ ብትፈልጉ አታጡም።

እዚሁ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ራሳቸው ችሎት ይቀመጡ ነበር። በኋላ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 መጣ። ይኸኛውን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሙግቱ ከዋርካ ሥር ተነሥቶ ወረቀት ውስጥ ገባ። ተመልካቹ ግን አብሮ አልገባም።

አንድ ተረት አለን፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች። ብዙ ሰው ይህን ሕግ አክባሪነታችንን ለማሳየት ይጠቅሰዋል። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ይነግረኛል። በቅሎ ትልቅ ንብረት ናት። ጭብጦ የመንገደኛ ቂጣ ነው፤ ሁለት ጉርሻ። ሰውዬው በቅሎዋ ሄዳ ያልተቆጨው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ስለሰማ ነው። ቆሞ ተከራክሮ፣ ባላጋራውን አዳምጦ፣ ዳኛው ለምን እንደፈረደበት በጆሮው ሰምቷል። ጭብጦዋን የወሰደበት ግን ምንም አላለውም።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ሰበር እንምጣ። ከናንተ መካከል ሙግት የቀመሰ ያውቀዋል። ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። እዚህ ከተማችን የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ የራሱም ሰበር ችሎት አለው። አዲስ አበባ ደግሞ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር። ሰበር ይግባኝ አይደለም። ምስክሩ ዋሸ አልዋሸም፣ ወሰኑ ከድንጋዩ ወዲህ ነው ወዲያ አይልም። የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?

የዛሬውን ወሬያችንን የወለደው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። አጭር አዋጅ ነው፤ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። ግን የአገሪቱን ሙግት ቀየረው። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል አለ። የፌዴራልም የክልልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሁለት የማታውቋቸው ሰዎች ተከራክረው የተሰጠ ትርጉም ሞላሌ ያለውን ዳኛ ይይዘዋል። እናንተንም ይይዛችኋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 454ን ተክቶ ይህንኑ አጽንቶ ቀጠለ። ቀድሞ የተሰጠ ትርጉም እንዲለወጥ ሲታሰብ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች ይሰየሙ የሚልም ጨመረ። የክልል ጉዳይ በክልሉ ሰበር ካለቀ በኋላ ወደ ፌዴራሉ የሚሻገርበትን በርም አጠበበው። የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ሊኖረው ይገባል። «እስከ ሰበር እሄዳለሁ» ብላችሁ የምትዝቱ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

አሁን 21448ን እንየው። ነገሩ የቤት ሽያጭ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ቦታ ስለዚህ ያወራል። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው ይላል። በቃ፣ ጽሑፍ። ቁጥር 1723 ደግሞ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስታነቡት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት ይላል። የትኛው ነው የሚሠራው? ሕግ አዋቂው ለረጅም ጊዜ ተከራከረበት። አንዳንዱ «ምዝገባው ሦስተኛ ወገንን ለመጠበቅ ነው፤ በገዢና በሻጭ መካከል ጽሑፉ ይበቃል» አለ። ሌላው «የለም፣ 1723 ካልተሟላ ውል የሚባል ነገር የለም» አለ። ሰበር በ1999 ሁለተኛውን ያዘ። በመንደር ውል የገዛ ሰው ሁሉ መሬት ከዳው።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ፖስቱን የለጠፈው ሰው የዘለለው ይህንን ነው። ምዝገባ የግድ ከሆነ ባንክ በየቀኑ የሚዋዋለው የቤት መያዣ ውልስ? ባንኮች ደነገጡ። ፓርላማው ራሱ ገባበት። በአዋጅ ቁጥር 639/2001 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተሻሻለ። ባንክና የአነስተኛ ብድር ተቋም ለሚያበድሩት ገንዘብ የሚዋዋሉት የመያዣ ውል በዚያ መንገድ መመዝገብ ግድ አይሆንበትም ተባለ። ፍርድ ቤት ተናገረ፣ ሕግ አውጪው መለሰ። ይህም በላ ልበልሃ ነው እንግዲህ፤ ብቻ ነጠላ አልተቋጠረም። ሰበርም ቢሆን በኋላ ባየው ሌላ መዝገብ፣ ሻጩ ራሱ መሸጡን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርስም ወደሚል አቅጣጫ ሄደ።

ይህችን የኋለኛዋን ነገር በደንብ የማውቃት ስለተቀጣሁባት ነው። ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ አንድ ሻጭ ይዤ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ቆምኩ። 21448ን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቀዋለሁ። መዝገብ ቁጥር፣ ከታተሙት የሰበር ውሳኔዎች መጻሕፍት ቅጽ 4፣ ሁሉንም ደረደርኩት። ድምፄም ያን ቀን አምሮልኝ ነበር። ዳኛዋ ጽፈው ጨረሱና ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ደንበኛዎ በመልሳቸው ላይ መሸጣቸውን አምነዋል» አሉኝ። «ሰበር እንዲህ ያለ ሲገጥመው ምን እንዳለ አይተዋል?» አላየሁም። መልሱን የጻፍኩት ደግሞ ራሴ ነበርኩ! ከችሎት ስወጣ ደንበኛዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ባልደረቦቼ «ቅጽ አራት» የሚል ስም አወጡልኝ። እስከ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩኝ አሉ። አንዱ አሁን እዚህ ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ለነበሩት እናት የጠየቅኳቸው ያችኑ ነው። «ሻጩ ሸጬልሻለሁ ብሎ ያምናል?»

«ያምናል እንጂ! ትናንት ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው።»

«እንግዲያውስ ሳይካካዱ፣ ሳይሞት፣ ወራሽ ሳይመጣ፣ ይዘውት ውልና ማስረጃ ይሂዱ።»

አንድ ውሳኔ እንዴት ይነበባል? የፍርድ ግልባጭ ስታዩ የሚያስፈራ ነገር ነው። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ከዚህ እስከ አንጎለላ ይደርሳል። ግን መልኩን ከለመዳችሁት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አናቱ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን አለ። ከዚያ «ዳኞች» ይልና ስማቸው ይዘረዘራል። ቁጠሯቸው። አምስት ካልሞሉ ስለ አስገዳጅነቱ አታውሩ። «አመልካች» ይግባኝ የሰለቸው፣ ሰበር የጠየቀው ሰው ነው። «ተጠሪ» ባላጋራው። ቀጥሎ «መዝገቡ ተመርምሮ ተከታዩ ፍርድ ተሰጥቷል» ይላል። ከዚያ የክርክሩ ታሪክ። ማን ምን አለ፣ የሥር ፍርድ ቤት ምን አለ። ብዙ ሰው እዚህ ደክሞት ይተኛል።

አትተኙ፤ ወርቁ ከዚህ በኋላ ነው። «የጉዳዩ አመጣጥ ባጭሩ ከላይ የተገለጸው ሲሆን» የምትል ሐረግ ፈልጉ። እሷን ስታዩ ቀና በሉ። «ይህ ችሎትም የግራ ቀኙን ክርክር ከሕጉ ጋር አገናዝቦ መርምሮታል» ይላል ቀጥሎ። ጭብጡ ይነገራል። ምክንያቱ ይተነተናል። አገር የሚያስገድደው ይህ ክፍል ነው። ከዚያ ፊደላቱ ተራርቀው «ው ሳ ኔ» ይላል። ጸንቷል፣ ተሽሯል፣ ተሻሽሏል። «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ።» «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» እና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምወዳት መስመር አለች። «የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት።» ፊርማው እንደማይነበብ በጽሑፍ የሚያረጋግጥ ሌላ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ሰው የሚያወራው «ው ሳ ኔ» ከሚለው በታች ያለውን ነው። ወይም ደግሞ ቅጹ ላይ ከውሳኔው አናት ያለችውን አጭር ማጠቃለያ። እሷ ለመፈለጊያ ትጠቅማለች፤ ለመከራከሪያ ግን አትበቃም። ልጋበዝ የመጣ ሰው የምግብ ዝርዝሩን አንብቦ ጠገብኩ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ምክንያቱን አለማንበብ ምን እንደሚያመጣ በአንድ መዝገብ ላሳያችሁ። ቁጥሩ 23632 ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የተሰጠ፣ ከደቡብ ክልል የመጣ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አክስቱ ጋ ነበር። አባት ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ጠየቀ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚት ይሆናል የሚል ድንጋጌ አለና። ድንጋጌው ግልጽ ነው፤ እኔም ዳኛ ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር ይሆናል። ሰበር ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ ልጅን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት የልጁ ጥቅምና ደኅንነት ነው አለ። ይህ አባት ደግሞ ልጁን ሲንከባከብ የቆየ አባት አልነበረም።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ይህንኑ ሰምታ ቢሮዬ መጣች። ደስ ብሏታል። «ሰበር አክስት ከአባት ትበልጣለች ብሏል አሉ» አለችኝ። የወንድሟን ልጅ ከወንድሟ ልትወስድ ነው። ወንድምየው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ፣ ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰው ነው። ጸባቸው በውርስ ቤት ነው። ሰበር አክስት ትበልጣለች አላለም። ልጁ ይበልጣል ነው ያለው። በዚያ ምክንያት ብንሄድ ልጁ ከአባቱ ጋር ይቀራል። ውጤቱን ይዛ መጥታ ምክንያቱ ፈረደባት። ተኮሳትራ ወጣች። ሌላ ጠበቃ ጋ ሄዳ ይሆናል።

የቃሉም ነገር አለ። ችሎት የሚለውና ሰፈር የሚሰማው አይገጥምም። «በዋስ ወጣ» ሲባል ሰፈሩ «ነጻ ወጣ» ይላል። ክሱ እንዳለ ነው። «ተከሰሰ» ሲባል «ሠርቶታል ማለት ነው» ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ብሎ ቢጽፍም ጠላ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል አላየሁም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ያስቀርባል» ነው። የሰበር አቤቱታ መጀመሪያ ለአጣሪ ችሎት ይቀርባል፤ ሦስት ዳኞች ናቸው። ሊሰማ የሚገባው ነገር ካለው «ያስቀርባል» ይባላል። ተጠሪ ይጠራ፣ ክርክር ይሰማ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው «ያስቀርባል» ሲባል በግ አረደ። የመንዝ በግ፣ ላቱ ይህን የሚያክል። ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ አበላ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፍርዱ ሲመጣ «ጸንቷል» ይላል። የጸናው የባላጋራው ነው።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው አለ። ተፈርዶበት በየመጠጥ ቤቱ «አገር የለም፣ ፍርድ የለም» ሲል ይከርማል። ተንታኝ ሆኖ ያርፈዋል። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ከ1958 የሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ያልተለወጠ ነገር ነው። በስድሳ አንደኛው ቀን ቢሮዬ ይመጣል። አስተያየት ስጥ፣ ተናደድ፣ ግን መጀመሪያ የፍርድ ግልባጭ ጠይቅ።

ታዲያ ዳኛ አይተችም ወይ? ይተቻል። ያለቀ መዝገብ ላይ፣ አንብቦ፣ ምክንያቱን ነቅሶ የሚተች ሰው ዳኛውን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። «ይህ አንቀጽ ለዚህ ነገር አልተጻፈም» በል። «ባለፈው ዓመት እንዲህ ብላችሁ ዘንድሮ ለምን ለወጣችሁ» በል። ራሳቸው ዳኞቹም ይተቻቻሉ። አንዳንድ ፍርድ መጨረሻ ላይ «የሐሳብ ልዩነት» የሚል ርዕስ ታገኛላችሁ። ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ያልተስማሙበትን ምክንያት ይጽፋሉ። እኔ አንዳንዴ ከዋናው በፊት እሱን ነው የማነበው። የተሸናፊውን ሰው ክርክር እንደዚያ አሳምሮ የሚጽፍለት ጠበቃ አላየሁም። «ዳኛው ስንት በልቶ ነው» ማለት ግን ትችት አይደለም። ማስረጃ ካለህ የሚቀርብበት ቦታ አለ። ከሌለህ ስም ማጥፋት ነው። ገና በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ ሲሆንማ የበለጠ ዝም ማለት ይገባል። በትንሽ ከተማ ምስክሩም ያው ጎረቤታችን ነው። ሰኞ የሚመሰክር ሰው እሑድ ዕድር ላይ የኛን ትንታኔ ከሰማ ምን ይዞ እንደሚቀርብ አስቡት።

እኔም የምተቸው አለኝ። አዋጅ 454 ሰበር የሚሰጣቸውን አስገዳጅ ውሳኔዎች እያሳተመ እንዲያሰራጭ ግዴታ ጣለ። ቅጾቹ ይታተማሉ፤ እውነት ነው። ግን ውሳኔው የሚያስገድደው ከተሰጠ ጀምሮ ነው፤ ቅጹ የሚደርሰን ደግሞ ሲደርሰን ነው። በመሃል ያለነው በጨለማ እንከራከራለን። ድሮ አዋጅ ሲወጣ ገበያ መሃል ነጋሪት ይጎሰም ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ክልላችንም «ዝክረ ሕግ» አለው። የሰበር ትርጉም ግን ነጋሪት የለውም። ጠበቃ ከጠበቃ በቴሌግራም ይቀባበለዋል። ግማሹ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጥጉ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታይበታል። ሌላው ቅሬታዬ አጣሪ ችሎት «አያስቀርብም» ሲል ነው። መዝገቡ ብዙ ነው፣ ይገባኛል። ግን ለዓመታት የተሟገተ ገበሬ በሦስት መስመር «መሠረታዊ የሕግ ስህተት አላገኘንበትም» ተብሎ ሲመለስ ያቺ በቅሎ እንደ ጭብጦ ሆና ትቆጨዋለች።

የመሬትን ነገር ትጠይቁኛላችሁ፤ ስለዚህ ባጭሩ። የገጠር መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ዘግቶታል። ሰው ግን «ኪራይ» ብሎ ይሸጣል፣ «ብድር» ብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ውል ችሎት ሲቀርብ ዳኛ የሚያየው የወረቀቱን ስም ሳይሆን ውስጡን ነው። የክልላችንን የመሬት ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው፤ የቀድሞውን 133/1998 የተካ። በፌዴራል ደግሞ 456/1997 በአዲሱ 1324/2016 ተተክቷል። ስለዚህ መጋዞ የሰጣችሁም፣ ያከራያችሁም፣ ያወረሳችሁም፣ አንድ የመሬት ፍርድ ሲነገራችሁ መጀመሪያ በየትኛው አዋጅ ዘመን እንደተሰጠ ጠይቁ። የድሮው ደብተር ላይ ያለው ሁሉ ዛሬም ይሠራል ማለት አይደለም። «ቅጽ አራት» እንዳትባሉ።

ብዙ አወራሁ፤ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው። አንድ ነገር አምጥቻለሁ። ሠላሳ ቅጂ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተካፈሉት። አንድ የሰበር ፍርድ ነው፤ የባለጉዳዮቹን ስም በጥቁር እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። የአጥር ወሰን ጉዳይ ነው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ጸብ። የመጨረሻው ገጽ በስቴፕለር ተዘግቷል። ሆን ብዬ ነው። ማን እንደረታ ሳታዩ፣ «የጉዳዩ አመጣጥ ባጭሩ» ከምትለው ጀምራችሁ እስከ ሦስተኛው ገጽ ታነባላችሁ። ከዚያ ሻይ እየጠጣን ማን መርታት እንደነበረበት ትነግሩኛላችሁ። ለምን እንደሆነም። አንድ ላይ እንከፍተዋለን።

አባባ፣ እርስዎ ገጹን ወደ አምፖሉ አንሥተው እያዩት ነው። አይፈቀድም!